የሚጉ ሆድ

ጥር 13፣ 2014፣ ዐርብ

ዐርብ ሥራ የለም። የታፔላ መጻፊያ ብሩሾቼን አጥቤ አስቀመጥኩና ከዋሄን ገበያ በእግሬ ወደ ሐርጌሳው የጦርነት መታሰቢያ ሄድኩ። በ1980 ሐርጌሳን ሲደበድብ የወደቀው ሚግ-17 ከመደቡ ላይ ተሰቅሏል። ስንት ዓመት በሥሩ ሳልፍ እንደ ሐውልት እንጂ እንደ አውሮፕላን አይቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ዙሪያውን እየዞርኩ ነደፍኩት፤ ከእንጨት ልሠራው ነው። እውነተኛው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 9.63 ሜትር፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ 11.26 ሜትር ነው። ለ32 ሳካፍለው ክንፉ 30 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 35 ይመጣል።

ያደግኩት ቢሾፍቱ፣ አየር ኃይሉ አጠገብ ነው። ልጆች ሳለን ከጣሳ የምንቀጠቅጠው ኤፍ-5ን ነበር። ሚግ-17 በጨዋታችን ሁልጊዜ ተመትቶ የሚወድቀው፣ ታላላቆቻችን ከኦጋዴን ጦርነት ያወሩልን የዚያድ ባሬ አውሮፕላን ነው።

የካቲት 6

አካሉን ከዕቃ ማሸጊያ ሣጥን እንጨት ጠረብኩ፤ በሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት። አፉ ክፍት ነው፤ ሞተሩ አየር የሚስበው በዚያ ሲሆን መሐሉን ቀጭን ግድግዳ ለሁለት ይከፍለዋል። ያስቸገረኝ የክንፉ ጀርባ ነው። ክንፎቹ ወደ ኋላ ስለተጎተቱ አየሩ ወደ ጫፍ እንዳይንሸራተት በእያንዳንዳቸው ላይ ሦስት ሦስት ስስ ግድቦች ቆመዋል። ሁለት ሁለት ቢሆኑ ሚግ-15 ይሆንብኝ ነበር። ስድስቱን ከወተት ጣሳ ቆርጬ እስክተክል ዘጠኝ ምሽት ፈጀብኝ። በሥራዬ እንዲህ የኮራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

መጋቢት 24፣ ቅዳሜ

ዋሄን ሌሊቱን ነደደ። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ የእሳት አደጋ መኪኖቹ ወደ ውስጥ መግባት ተቸገሩ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሰማዩ ሲቀላ አየሁ። ረመዳን ሊገባ ስለነበር ሱቁ ሁሉ ዕቃ የሞላበት ሳምንት ነበር። ግራጫውን ቀለም በዱቤ የሰጡኝ ሴትዮ ሱቅ የለም። እዚያ ውስጥ የጻፍኳቸውን ታፔላዎች በሐሳቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥራ አራት ላይ ስደርስ አልቻልኩም።

ሚያዝያ 8

ዕዳዬን ይዤ ስፈልጋቸው መንገድ ዳር በጃንጥላ ሥር አገኘኋቸው፤ ከዘመድ የተበደሩትን ጥቂት የቀለም ቆርቆሮ ደርድረዋል። አማርኛቸውን የለመዱት በስደት፣ ሐርትሼክና ጅግጅጋ ነው።

«ኤዶ፣ የቀለሙን ገንዘብ ነው» አልኳቸው፤ ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው።

ተቀበሉኝና በፌስታል የያዝኩትን አዩ። አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ግድቦቹንም አሳየኋቸው። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ገለበጡት።

«ልጄ፣ ላዩን እኔ አላውቀውም። እኔ የማውቀው ሆዱን ነው።»

አውሮፕላኖቹ ከሩቅ አገር የመጡ አልነበሩም፤ ከዚሁ ከከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው፣ ቤቶቹ ላይ ጥለው፣ እዚያው ተመልሰው ያርፋሉ። እሳቸው ወደ ሐርትሼክ የሄዱት ሌሊት ሌሊት ነው፤ ቀን ቀን ከቁጥቋጦ ሥር፣ የሕፃን አፍ በእጃቸው ይዘው።

እኔ ሆዱን ስቱኮ እንኳ አልቀባሁትም። መሐሉ ላይ መቆሚያውን የመታሁበት ሚስማር አለ። እሳቸው ጣታቸውን ያሳረፉት እዚያ ላይ ነበር።

ሚያዝያ 9

እንቅልፍ የለም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ በመጋቢት 1980 ታረቁ። አንዱ የሌላውን ዐማፂ ላይረዳ ተስማሙ፤ ድንበር ላይ የነበረው ጦርም ወደ ውስጥ ዞረ። ኢትዮጵያ ውስጥ መጠጊያ ያጣው የዚያድ ባሬ ዐማፂ፣ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ፣ በግንቦት መጨረሻ ሐርጌሳ ገባ፤ ዚያድ ባሬም በአውሮፕላን መለሰ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ሰኔ 15፣ የእኛዎቹ ሚጎች ሐውዜንን በገበያ ቀን ደበደቡ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ቢሾፍቱ ላይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እጃችንን እያውለበለብን እንሮጥ ነበር።

ሚያዝያ 28

ሆዱን እንደ አዲስ ሠራሁ። ሚስማሩን ነቅዬ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፈንኩ፤ ከአፍንጫው ሥር በቀኝ ባለ 37 ሚሊሜትሩን፣ በግራ ሁለቱን ባለ 23 መድፎች ከሽቦ አበጀሁ። ለቀለሙ ኤዶ ዘንድ ተመለስኩ። በቆርቆሮ ክዳን ላይ ነጭ አፈሰሱ፤ ሰማያዊ ጠብ አደረጉ፤ አማሰሉ፤ ቀና ብለው አዩና ጥቂት ግራጫ ጨመሩ።

«ድምፁን ሰምተን ቀና ስንል ቶሎ አይታየንም ነበር» አሉ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ግንቦት 10

የሶማሌላንድ የነጻነት ቀን ነው፤ መንገዱ በሰልፍና በባንዲራ ተሞልቷል። ቀለሙ ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ላቆመው አልፈለግኩም፤ ከአልጋዬ በላይ ከጣሪያው በክር አንጠለጠልኩት። ተኝቼ ሳየው የደከምኩባቸው ስድስቱ ግድቦች አንዳቸውም አይታዩም።