ሠራተኛዋ የሌለችበት የሠራተኞች ቀን

«ሠራተኛ» የሚለው ቃላችን ሁለት ቤት አለው። አደባባይ ሲወጣ ፋብሪካን፣ ማኅበርንና መፈክርን ያስታውሳል። ጓዳ ሲገባ ግን ይጠባል፤ ጎረቤት «ሠራተኛ አገኛችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ስለ ማን እንደምታወራ ሁላችንም እናውቃለን።

ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ስለማጠና ቃል ድንበር ሲሻገር ምን እንደሚጥል መከታተል ልማዴ ሆኗል። በዓልም እንደ ቃል ይተረጎማል። ሜይ ዴይ የተወለደው እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የቺካጎ ሠራተኞች የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ጠይቀው ሥራ አቆሙ፤ ቦምብ ፈነዳ፤ በዓመቱ አራት ሰዎች ተሰቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1889 ፓሪስ የተሰበሰቡ ሶሻሊስቶች ቀኑን ለዓለም አወጁት። አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1894 ባወጣችው ሕግ የሴፕቴምበርን የመጀመሪያ ሰኞ መረጠች። ዛሬ ያ ሰኞ የበጋ መሰናበቻ ነው፤ የጓሮ ጥብስና የቅናሽ ገበያ።

በኢትዮጵያ ሚያዝያ 23 ሌላ ትዝታ አለው። በ1969 ዓ.ም. በዋዜማው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገድለዋል። ለወላጆቻችን ትውልድ ሜይ ዴይ ሰልፍም ሐዘንም ነው።

እኔ ባደግሁበት ቤት ግን ቀኑ እረፍት ነበር። አባቴ ቢሮ አይሄድም፤ እኛም ትምህርት የለንም። ሁሉም ቤት ስለሚውል ምሳው ይበዛል፣ ቡናው ይደጋገማል። በሠራተኞች ቀን ከወትሮው አብልጣ የምትሠራው ሠራተኛዋ ነበረች።

ነገሩ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የአሜሪካ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የቤት ሠራተኞችን አግልሏል፤ የሊባኖስ የ1946ቱ የሥራ ሕግም እንዲሁ። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ጉዳያቸውን ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። በዓሉን በተለያየ ቀንና መንገድ የሚያከብሩ ሦስት አገሮች ጓዳው በር ላይ ሲደርሱ ይገናኛሉ።

ቤይሩት ውስጥ ኢትዮጵያውያት ከሌሎች አገር ሴቶች ጋር በሜይ ዴይ ሰሞን ሰልፍ ወጥተዋል፤ የመረጡት ቀን እሑድ ነበር። እረፍት ካገኙ የሚያገኙት እሑድ ነውና። የእኛዋ እሑድም አልነበራትም።

እንግሊዝኛ «ሜይድ» ሲላት የቃሉ ሥር ልጃገረድ ማለት ነው፤ ሥራዋ ስሟ ውስጥ የለም። አማርኛ ግን ሠራተኛ መሆኗን በየቀኑ ይመሰክራል። ስሙን ቀድሞ ሰጥቷታል። የቀረው ደንቡና የእረፍት ቀኑ ነው።