በጎርጎራ ዳርቻ ያየኋቸው ሽመላዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በዐቢይ ጾም አንዲት ቅዳሜ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ጋር ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ወረድን። ማለዳ ቅዳሴ ሲገባ እኔ ዲያቆኑ ውጭ ቆሜ አስቀደስሁ። ባልንጀሮቼ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ "ጥናት አድክሞኛል" አልኋቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ከንስሐ አባቴ ፊት ከቀረብሁ ስምንት ወር አልፎኛል። በደሌን ተሸክሜ መቅረብን አፍሬ፣ "ጥቂት ልስተካከልና እሄዳለሁ" እያልሁ ዛሬን ለነገ አሳልፍ ነበር።

ረፋድ ላይ በጣና ዳርቻ ተቀመጥን። በሜዳው ሽመላዎች ቆመዋል፤ ገላቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ዳር ጥቁር፣ ምንቃራቸውና እግራቸው ቀይ። ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቅ ድረስ አልተነሡም። ከዚያ አንዷ ተነሣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ወደ ላይ ወጡ፤ በመጨረሻም ወደ ሰሜን አቀኑ።

መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገባችን የቆሙ አንድ አረጋዊ መነኩሴ "እንግዶቻችን ሄዱ" አሉ።

"አባቴ፣ መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"መንገዱንስ ፈጣሪያቸው አሳይቷቸዋል፣ ልጄ። እኔን የሚደንቀኝ 'ነገ እንሄዳለን' እያሉ አለመቅረታቸው ነው።"

አባታችን ስለ እኔ የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ቃላቸው ግን ልቤን አገኘው።

ወደ ጎንደር ከተመለስን በኋላ ስለ ሽመላ አነበብሁ። ክንፏ ሲዘረጋ 2 ሜትር ያህል ነው። ቢሆንም ሰፊ ባሕር መሻገር ይከብዳታል፤ ከፍ የሚያደርጋት ፀሐይ ያሞቀችው አየር ነውና፣ እርሱም ከባሕር በላይ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ አውሮፓ ስትመለስ ሜዲትራኒያንን አትሻገርም፤ በዓባይ ሸለቆ፣ በሲና፣ በእስራኤልና በቱርክ በኩል ዞራ ትሄዳለች። በ1822 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጀርመን አዳኞች የጣሏት አንዲት ሽመላ አንገቷ ላይ የአፍሪካ ጦር ተሰክቶ ተገኘ። ሽመላዎች ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ የአውሮፓ ሊቃውንት የተረዱት በእርሷ ጭምር ነው። አካሏ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል።

ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። ያቺ ወፍ "ጦሩ እስኪነቀልልኝ ልቆይ" አላለችም፤ ጊዜዋ ሲደርስ ከነቁስሏ ተነሣች። እኔ ግን ቁስሌ ሳይድን ወደ ሐኪሙ አልሄድም ብዬ ስምንት ወር ተቀመጥሁ። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 8 ቁጥር 7 የሰማይ ወፎችን ጠቅሶ ሕዝቡን የወቀሰው ስለዚህ ነው፤ እነርሱ የመመለሻ ጊዜያቸውን ሲያውቁ፣ ሰው የአምላኩን ፍርድ ማወቅ ተሳነው።

በዚያች ምሽት ለንስሐ አባቴ ደወልሁ። "ነገ ልምጣ?" አልኋቸው።

"ልጄ፣ መንገድ መንገዱን ሳይ ከርሜ ለምን ነገ ትለኛለህ? አሁኑኑ ና" አሉኝ።

ሄድሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም፣ የተሰጠኝን ቀኖና ፈጽሜ፣ ለቅዳሴ ወደ መቅደስ ገባሁ።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የቆሰለ ሁሉ ይመለስ ዘንድ ጾሙ ገና አልተፈጸመም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።