ነውሯን እያወቅን የገዛናት ጀልባ

ወደ ኢየሩሳሌም ከመምጣታችን አስቀድሞ፣ በጣና ደሴት ገዳም በረድእነት ስናገለግል፣ ያገለገለች የሞተር ጀልባ እንድንገዛ ታዘዝን። ሻጩ ነውሯን አልሸሸገንም፤ የሐይቁን ውኃ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ጎማው ማለቁን ነግሮን ዋጋ ቀነሰልን። መቅዘፍ ሰልችቶን ነበርና «ቀስ ብለን እናስጠግናታለን» አልን፤ አላስጠገንናትም።

አንድ ቀን የታመሙ አረጋዊ አባት ይዘን ወደ ባሕር ዳር ስንሻገር፣ ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ውኃ ቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ ጭስ ተነሣ፤ ሞተሩም ጸጥ አለ። መቅዘፊያ እንኳ አልያዝንም። ማዕበሉ ከቀትር እስከ ሠርክ አንገላታን። በኋላ ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ (ያችው በሰለቸናት ታንኳ) ደርሰው መቅዘፊያ አዋሱን።

አባታችን በሕይወት ደረሱ። ሻጩ ለእኛ የነገረንን እኛ ለእርሳቸው ሳንነግር አሳፍረናቸው ነበርና፣ ከሕክምና ሲመለሱ እግራቸው ላይ ወድቀን ይቅርታ ጠየቅን።

«ብትነግሩኝማ መቅዘፊያ ያዙ እላችሁ ነበር» አሉን።