ሰማይ ጠባቂዎች

ከኬፕታውን የተነሳነው ረፋድ ላይ ነው። የወይን እርሻዎቹን አልፈን፣ ተራሮቹን ተሻግረን ካሩ የሚባለው ደረቅ ምድር ውስጥ ከገባን ወዲህ ዐይናችን የሚያርፈው በቁጥቋጦና በሽቦ አጥር፣ አልፎ አልፎም በበግ መንጋ ላይ ብቻ ነበር። 370 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሰዘርላንድ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ወሩ ግንቦት ነው፤ እዚህ ግን ብርዱ እየገባ ነው። ሰዘርላንድ በደቡብ አፍሪካ እጅግ ቀዝቃዛ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት።

“ጋሼ፣ ጋቢ ይዘው መምጣትዎ ጥሩ ነው፤ ሌሊት ይፈልጉታል” አለችኝ አብራኝ የመጣችው የአገሬ ልጅ። ኬፕታውን ውስጥ በሥነ ፈለክ ዶክትሬቷን እየሠራች ነው። የዚያን ሌሊት ተረኛ እሷ ነበረች።

የደቡብ አፍሪካ የሥነ ፈለክ ኦብዘርቫቶሪ ቴሌስኮፖች ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጉብታ ላይ ሰፍረዋል። ጣቢያው እዚህ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ የትልልቆቹ ከተሞች መብራት ሰማዩን ሲሸፍነው ባለሙያዎቹ ጨለማ ፍለጋ ወደዚህ መጡ። ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ሳልት የተባለው ቴሌስኮፕ ነው። 91 ባለ ስድስት ጎን መስታወቶች ተጋጥመው እንደ አንድ ትልቅ መስታወት ይሠራሉ፤ ወርዱም 11 ሜትር ያህል ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ከቴሌስኮፑ ይልቅ ከእሱ በፊት በሚመጣው ሥራ ላይ ነበር። የቴሌስኮፑ ጉልላት ከመከፈቱ በፊት ሰማዩ ደህና መሆኑን የሚያየው ማን ነው? እንዴትስ ያያል?

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ መስኮቶቹ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍነዋል። ኮምፒውተሮቹ የነፋሱን ፍጥነት፣ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት ያሳያሉ። ጣሪያ ላይ የተተከለ ካሜራ ከአድማስ እስከ አድማስ ያለውን ሰማይ በአንድ ፎቶ ያነሳል። ሌላው መሣሪያ የሰማዩን ሙቀት ይለካል። ዳመና ከጠራ ሰማይ ይልቅ ስለሚሞቅ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዳመና መጣ ማለት ነው።

ይበልጥ የገረመኝ ግን የአየሩን መረጋጋት የሚለካው ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚለው በራሱ አይደለም፤ ብርሃኑ ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር በተደባለቀበት ውስጥ ሲያልፍ ስለሚናወጥ ነው። ይህ ቴሌስኮፕ የአንዱን ኮከብ ብርሃን በሁለት ቀዳዳዎች ተቀብሎ ሁለት ምስል ያወጣል። ነፋስ መሣሪያውን ቢያንቀጠቅጠው ሁለቱ ምስሎች አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ አየሩ ሲናወጥ ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይዋልላሉ። የልዩነታቸው መጠን የዚያን ሌሊት አየር ጠባይ ይናገራል።

“ይሄ ሁሉ እያለሽ ለምን ትወጫለሽ?” አልኳት፣ ካፖርቷን ስትደርብ አይቼ።

“መሣሪያ ይሳሳታል ጋሼ። የመጨረሻው ቃል የዐይን ነው።”

ተከትያት ወጣሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ጨረቃ የለችም፤ በግቢው የሚበራ አምፖል የለም። በእጇ ያለው ቀይ ባትሪ ብቻ ነው፤ ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደን ዐይን ብዙም አይጎዳምና። ለሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብለን ቆምን። ከዚያ ሰማዩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። አዲስ አበባ ላይ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚታየው የደቡብ መስቀል እዚህ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ፍኖተ ሐሊብ ከምሥራቅ ተነስቶ ሰማዩን አቋርጧል። በደቡብ ምዕራብ በኩል አንዲት ነጭ ጭጋግ አየሁና “ዳመና መጣ” አልኩ።

“እሱ የማጅላን ዳመና የሚባል ጋላክሲ ነው፤ 160,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ዳመና የሚፈልጉ ከሆነ ጥቁሩን ይዩ” ብላ ወደ ምዕራብ አመለከተችኝ። እውነትም ከአድማሱ በላይ ኮከብ የሌለበት ጥቁር ቦታ ነበር። በከተማ ዳመና ከታች በመብራት ስለሚደምቅ ነጥቶ ወይም ቀልቶ ይታያል። መብራት በሌለበት ግን ዳመና የሚታወቀው በጎደሉት ኮከቦች ነው። ዳመናን በጥቁረቱ የሚያውቅ ሰው፣ እውነተኛ ጨለማ አለው ማለት ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እርጥበቱ ማሻቀብ ጀመረ። እጄን መኪናው ላይ ባሳርፍ ጤዛ አረጠበኝ። ጤዛው መስታወቱ ላይ ቢያርፍ የአሉሚኒየም ልባሱን ይጎዳል። ተረኛዋ አላመነታችም፤ ጉልላቱን ዘጋች። ከዚያ ሻይ ይዘን ቁጥሮቹን እያየን ተቀመጥን። በየሩብ ሰዓቱ ትወጣለች፤ ቀና ብላ ታያለች፤ ትመለሳለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ እርጥበቱ ወረደ፤ ጉልላቱም እያጉረመረመ ተከፈተ።

በአማርኛ “መጠበቅ” ሁለት ትርጉም አለው፤ መታገስና ከጥፋት መከላከል። ያን ሌሊት ሁለቱን አንድ ላይ አየሁ። ዳመናና ጤዛ ሲመጡ ታግሰን እንጠብቃለን፤ ያልፋሉና። የከተማ መብራት ግን ካልተከላከሉት አያልፍም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሥነ ፈለክ የሚመቹ አካባቢዎችን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው ለዚህ ነው። በተፈጥሮ የጨለመ ሰማይ በሰማይ ብርሃን መለኪያ 22 አካባቢ ይነበባል፤ ሰማዩ ሲደምቅ ቁጥሩ ስለሚቀንስ በትልቅ ከተማ 18 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ልዩነቱ አራት ቢመስልም የከተማው ሰማይ 40 ጊዜ ያህል ደምቋል ማለት ነው።

ስመለስ እያሰብኩ የመጣሁት ስለ እኛው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ነው። 3,200 ሜትር ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ ከሥራቸው ግን አዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ ታበራለች፤ ከተማዋም እያደገች ነው። ለወደፊቱ ኦብዘርቫቶሪ የታሰቡት የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ግን ጨለማቸው ገና አልተነካም። ጨለማውን ማስጠበቅ የሚገባው ቴሌስኮፕ ከመተከሉ በፊት፣ አሁን ነው። በዚያ አካባቢ ያሉት የላስታ መንደሮች መብራት ይገባቸዋል፤ መብራቱ ግን መንገዱን እንጂ ሰማዩን እንዳያበራ ክዳን ይኑረው፤ ፊቱም ወደ ታች ይዙር።

እርስዎም ዛሬ ማታ ደጅ ወጥተው የበረንዳዎን አምፖል ይዩት። ወደ ላይ የሚያበራ ከሆነ ወደ ታች ያዙሩት። ሰማይ መጠበቅ ከዚያ ይጀምራል።