ከላስታ ደጋ ወደ ጣና ባሕር፤ በታንኳ ላይ ያየነው

በላስታ ተራራ ተወልዶ ያደገ ሰው ውኃን የሚያውቀው ከምንጩ እንጂ ከባሕሩ አይደለም። የተከዜ ወንዝ የሚነሣው ከላሊበላ ብዙ ሳይርቅ ከዚሁ ከላስታ ደጋ ነው፤ በበጋ ወራትም በአገራችን ሳለ እረኛ ልጅ ጉልበቱን ሳያርስ የሚሻገረው ቀጭን ውኃ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ግን ድንጋይ እያንከባለለ፥ ዛፍ እየነቀለ የሚወርድ ደራሽ ይሆናል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ውኃ ይፈራል፤ ይጠጣል፤ ይጸበሉበታል፤ በላዩ ላይ ተቀምጦ ደስታ መፈለግ ግን ያልተለመደ ነገር ነው። እኔም ይህን ፍርሃት ከሌላው ሰው ይልቅ የማውቅበት ምክንያት አለኝ፤ እርሱንም በቦታው እናገራለሁ።

አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከትምህርት ቤት መጽሐፉ የታንኳ ሥዕል ካየ ጀምሮ፥ «አባባ፥ ጣና ወስደህ ዓሣ ሲጠመድ አሳየኝ» እያለ ሦስት ዓመት ለመነኝ። እኔም የመዝገብ ቤቱን ሥራ ምክንያት እያደረግሁ ሳሳልፈው ኖርሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ አንድ ማታ፥ «ልጁን የምትከለክለው ለእርሱ ፈርተህ ነው ወይስ ለራስህ?» ብላ ብትጠይቀኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። በማግሥቱም ለጳጉሜን ፈቃድ ጠየቅሁ።

ከላሊበላ ተነሥተን ወደ ተከዜ ሸለቆ ወርደን እንደገና ወደ ጋሸና ወጣን። ጋሸና ላይ ብርዱና ጉሙ የበረታ ነበረ። እዚያ ቆመን ለልጄ አንድ ነገር አሳየሁት፤ ይኸውም በዚያ ደጋ ወደ ሰሜን የሚወርደው ዝናም ወደ ተከዜ ይገባል፤ ወደ ደቡብ የሚወርደው ግን በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ተከዜ ሰቲት ተብሎ፥ ኋላም አትባራ ተብሎ በሱዳን ምድር ከታላቁ ወንዝ ይቀላቀላል፤ ዓባይም ካርቱም ላይ ነጩን ዓባይ አግኝቶ ወደዚያው ይወርዳል። እንግዲህ በአንድ ደጋ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናም ጠብታዎች እንደገና የሚገናኙት ከአገራቸው እጅግ ርቀው በበረሓ መካከል ነው። ልጄም ጥቂት አስቦ፥ «ቢገናኙስ ይተዋወቃሉን?» አለኝ። ሳቅሁ እንጂ አልመለስሁለትም።

ከጋሸና ነፋስ መውጫን፥ ደብረ ታቦርን አልፈን ወደ ወረታ ወረድን። ከዚያ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ነው። ሜዳው በክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ቀድሞ በላሞቹ ብቻ የታወቀ ነበረ፤ አሁን ግን ገበሬው ሩዝ ይዘራበታል። የጳጉሜን 3 ቀን፥ የሩፋኤል ዕለት፥ ዝናም ወረደና የመንደሩ ሕፃናት ሁሉ ራቁታቸውን ወጥተው ተጠመቁበት፤ የእኔም ልጅ ልብሱን ጥሎ ከመካከላቸው ገባ። ከጎዳናው ወርደን ግማሽ ቀን ያህል በረግረግ መካከል በእግር ከሄድን በኋላ የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገባበት አጠገብ ደረስን፤ የወዳጄ ዘመድ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅም በቤታቸው ተቀበሉን።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፥ ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፥ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል የሆነ ባሕር ነው። በትምህርት ቤት እንደ ተማርነው የጨው ባሕር በብዙ ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። የጣና ሙላትና ጉድለት ግን የዓመት ነው፤ በሰኔ መግቢያ ዳርቻው ይሸሻል፤ በመስከረም ውኃው ሞልቶ የሰውን አጥር ያንኳኳል። በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ በጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ሙላቱና ጉድለቱ በከፊል በሰው እጅ ሆኗል።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ጥቂት ከጠወለገ በኋላ በነዶ በነዶ እየታሰረ ይጋደማል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት የባሕሩ ዳር ነባር ሰዎች ወይጦዎች ናቸው፤ ሽማግሌውም፥ «እኔ የተማርሁት ከእነርሱ ነው፤ ጥበብ የተቀበሉትን ሰው መናቅ ነውር ነው» ሲሉ ነገሩን። ታንኳ ውኃ እንዳይገባበት ተብሎ አልተሠራም፤ ውኃው በነዶዎቹ መካከል ይገባል ይወጣል፤ የሚያንሳፍፈው የደንገሉ ቅለት ነው። ስለዚህ ከሥራ በኋላ አውጥተው በፀሐይ ያቆሙታል፤ እንዲህም ሆኖ ዕድሜው የጥቂት ወራት ብቻ ነው። በኋላ ውኃ ጠጥቶ ይከብድና በሌላ ይተካል።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ሦስታችን ተሳፈርን። ሽማግሌው በረጅም ዘንግ አንድ ጊዜ በቀኝ፥ አንድ ጊዜ በግራ እየቀዘፉ ከሸምበቆው መካከል አወጡን። ውኃው ከመቀመጫዬ በታች በቀዘቀዘ ጊዜ ልቤ ደነገጠ፤ ነገር ግን ልጄ እንዳያይብኝ ዝም አልሁ። ብርሃን ሲወጣ የባሕሩ ነዋሪዎች ተገለጡልን። ከመንቁራቸው በታች ከረጢት የተንጠለጠለባቸው፥ ፈረንጆች ፔሊካን የሚሏቸው ታላላቅ ነጭ ወፎች እንደ ጉባኤ ሊቃውንት ተሰልፈው ይንሳፈፉ ነበር። አንዲት ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ድንገት እንደ ድንጋይ ወደቀች፥ ዓሣዋንም ይዛ ተነሣች። አርጃኖም ከዳርቻው ጭቃ ላይ ተጋድሞ አየነውና ስንቀርብ ተንሸራቶ ጠለቀ።

ወደ ወንዙ አፍ ስንደርስ ሽማግሌው ዘንጉን ከውኃ አውጥተው በጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፤ በእጃቸውም ዝም በሉ አሉን። ከፊታችን ከዐሥራ አምስት ክንድ በማይበልጥ ርቀት ሁለት ጆሮዎችና ሁለት ዓይኖች ብቅ አሉ፤ ከአጠገቡም ታናናሾቹ ታዩ። ጉማሬ ከነግልገሏ ነበረች። በንዴት እፍ ስትል የውኃው ትንፋሽ ፊታችን ደረሰ። ሽማግሌው አልሸሹም፥ አልጮኹምም፤ ታንኳውን ለነፋሱ ትተው ቀስ በቀስ ወደ ሸምበቆው እንዲጠጋ አደረጉ። እርስዋም ጥቂት አይታን ጠለቀች፤ ከበታቻችን የተነሣው ማዕበል ታንኳውን አንሥቶ አስቀመጠው። እኔ ልጄን አይዞህ ለማለት ትከሻውን ይዤው ነበረ፤ ኋላ ባስተውል ግን ትከሻው ጸጥ ብሎ የሚንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ማታ የተጣለውን መረብ ማውጣት ጀመሩ። በጣና የሚጠመዱት በብዛት ሦስት ዓይነት ናቸው፤ እነርሱም ቀረሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይባላሉ። በጋሞ አገር በጫሞ ሐይቅ ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ፈረንጆች የዓባይ ፐርች የሚሉት ግዙፍ ዓሣ ነው። ያ ዓሣ በሱዳን በኩል በዓባይ ውስጥ ይኖራል፤ ወደ ጣና ግን አልወጣም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዘግቶበታልና። በ1950ዎቹ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር፥ ሰዎች ይህን ዓሣ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ቢያስገቡት የሐይቁን ነባር ዓሦች ብዙውን ዘር ፈጅቷል። በጣና ግን እንዲህ ያለ ጌታ ስላልነበረ የነጭ ዓሣው ወገን በ15 ያህል ዓይነት ተከፋፍሎ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኝ ቤተ ሰብ ሆነ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመንጋጋቸው ጥርስ ሳይኖር ዓሣ አዳኞች ሆነዋል።

ከእነዚህም ቢያንስ ሰባቱ ዓይነቶች ክረምት ሲከብድ እንቁላላቸውን ለመጣል በወንዝ አፍ ይሰበሰቡና ጉማራንና ርብን የመሰሉትን ወንዞች ተከትለው ጠጠር ወዳለበት ጥሩ ውኃ ይወጣሉ። ዓሣ አጥማጁም ይህን ያውቃልና በዚያው በር ላይ መረቡን ይዘረጋል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ከገባ ወዲህ መያዙ በረታ፤ ሊቃውንትም በ1991 እና በ2001 መካከል የዚህ ወገን ዓሣ ከአራት እጅ ሦስት እጁ ያህል መጉደሉን ለክተው ጽፈዋል።

ከመረቡ ዐሥራ አንድ ዓሣ ወጣ። ልጄ አንዱን ሲያነሣ ከሆዱ ቢጫ ጠብታ እየፈሰሰ እጁን አለበሰው፤ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌውም፥ «እንቁላል ነው ልጄ፤ ልትወልድ ስትወጣ ይዘናታል» አሉት።

እኔም፥ «አባባ፥ ታዲያ ይህ ሰሞን እስኪያልፍ መረቡ ቢቀር አይሻልምን?» አልኋቸው።

«ጌታዬ፥ እኔ መረቤን ባነሣ የጎረቤቴ መረብ በቦታው ያድራል። ዓሣይቱ አትድንም፤ የእኔ ልጆች ግን ጦማቸውን ያድራሉ። ሁላችንም በአንድ ቀን እናንሣ ቢባል የመጀመሪያው አንሺ እኔ ነኝ» አሉ።

ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. ቁጥሩ 315 የሆነ አዋጅ መውጣቱን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «ወረቀቱ እዚህ አልደረሰም፤ ምናልባት ጎርፉን መሻገር ፈርቶ ይሆናል» አሉ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አዋጅ ስገለብጥ የኖርሁ ሰው፥ ጎርፉን ፈርቶ ከዚህ ሳይደርስ የቀረው ወረቀቱ ብቻ እንዳልሆነ አሰብሁና ዝም አልሁ።

ከዐሥራ አንዱ አንዲቱ ገና ትንፋሽ ነበራት። ልጄ ሳይናገር ወደ ሽማግሌው ቀና ብሎ አየ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «እንግዳ ነህና አንዷ ላንተ ትሁን» አሉት። በሁለት እጁ ይዞ ከውኃው ውስጥ ዝቅ አደረጋት፤ መጀመሪያ ተንጋላ ቀረች፤ ኋላ ጭራዋን መታችና ወደ ወንዙ ሽቅብ ሄደች። ዋጋዋን ልከፍል እጄን ወደ ኪሴ ብሰድ ሽማግሌው፥ «ገንዘብ ከተቀበልሁ ሸጥሁ ማለት ነው፤ እኔ ግን ሰጥቻለሁ» ብለው ከለከሉኝ።

ስንመለስ ከተከዜ ዳር መኪናው ቆሞ እንዲጠብቀን ለመንሁና ከልጄ ጋር ወደ ወንዙ ወረድን። ታላቅ ወንድሜን በዐሥራ ስድስት ዓመቱ የወሰደው ይህ ወንዝ ነው። ነሐሴ ነበር፤ ከማዶ የቀረች ግልገል ለማምጣት ሲሻገር ደራሽ መጣ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከዳር ቆሜ አየሁ። ይህን ለልጄ ከዚያ ቀን በፊት ነግሬው አላውቅም ነበር። ሰምቶ ሲያበቃ፥ «ስሙ ማን ነበር?» አለኝ። ነገርሁት። በቤታችን ያ ስም ከተጠራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበረ።

ወንዙ ጥቁር ቡና መስሎ ይወርድ ነበር። ልጄ ከዳር ጎንበስ ብሎ እጁን ታጠበ፤ እኔም አልከለከልሁትም። «ይህ ውኃ ከዚያኛው ጋር የሚገናኘው በረሓው ላይ ነው አይደለም?» አለ። አዎን አልሁት። ከዚያም በጥር ውኃው ሲጎድል ዋና የሚያውቅ ሰው ፈልገን ሁለታችንም እንድንማር ተስማማን፤ ለባለቤቴም የነገርኋት ይህንኑ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ልጅህ ከምትፈራው ነገር አጠገብ መቆም የሚወድ እንደ ሆነ፥ ሥራ አለብኝ ብለህ ከማሳለፍህ በፊት ፍርሃቱ የማን እንደ ሆነ መርምር። ከእርሱ ጋርም ሂድ፤ ነገር ግን መንገዱን የሚያውቅ ሽማግሌ አስቀድም።