ቆርቆሮና እርድ

«ራዲካል» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በፖለቲካ ወሬ ነው። ታላላቆቼ ሲያነሡት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በኬሚስትሪ ያገኘሁት ራዲካል ሌላ ቢሆንም ጠባዩ ብዙ አይርቅም። ጥንዱን ያጣ ኤሌክትሮን ይዞ የቀረ ሞለኪውል ነው፤ ዕረፍት የለውም። ከጎረቤቱ ይነጥቃል፤ የተነጠቀውም በተራው ራዲካል ይሆናል። ሞዘስ ጎምበርግ እ.ኤ.አ. በ1900 መኖሩን ሲያስታውቅ የተጠራጠሩት ብዙ ነበሩ።

ይህን ነጣቂ ለሥራ የሚያውሉት አሉ። ከካርቦን ላይ ብሮሚን አንሥቶ በቦታው ሃይድሮጂን ለመተካት፣ ሪዳክሽን የሚሉትን ማለት ነው፣ ትሪቡቲልቲን ሃይድራይድ የተባለ የቆርቆሮ ውሁድ ይጨመራል። ቆርቆሮው ብሮሚኑን ይወስዳል፤ ብቻውን የቀረው ካርቦን ከሌላ የቆርቆሮ ሃይድራይድ ሃይድሮጂን ይቀበላል፤ ሰጪውም ራዲካል ሆኖ ሌላ ብሮሚን ፍለጋ ይሄዳል። ሰንሰለቱን ለመጀመር ጥቂት ጫሪ ይበቃል። ባርተንና ማኮምቢ እ.ኤ.አ. በ1975 በዚሁ ዘዴ ከአልኮል ላይ ኦክስጅን ማስወገድ እንደሚቻል አሳዩ።

ይህን ስማር ሐሳቤ የሄደው ወደ ጋይንት፣ ወደ እናቴ ቅቤ ነው። በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ 55 ቀን አይቀመስም፤ ላሟ ግን መታለቧን አታቆምም። የተጠራቀመው ቅቤ እስከ ፋሲካ መቆየት አለበት፤ ከዚያም ለአራስ የሚቀመጥ አለ፣ ለገበያም የሚወጣ አለ። ጉሮሮ የሚከረክር ቅቤ ማን ይገዛል? ቅቤን እንዲህ የሚያደርገው ደግሞ ያው የራዲካል ሰንሰለት ነው፤ ኦክስጅን የያዘ ራዲካል ከስቡ ሃይድሮጂን ይነጥቃል፣ ጉዳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል።

እናቴ ስታነጥር እርድ ትጨምራለች። ዋናው ጥቅም ውሃውና የወተቱ ቅሪት መውጣቱ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በእርዱ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ለነጣቂው ራዲካል ሃይድሮጂን ይሰጠዋል። ሰጥቶም ራሱ ራዲካል ይሆናል፤ ሆኖም ኤሌክትሮኑ በሰፊው ሞለኪውል ላይ ስለሚሠራጭ ጠብ አያነሣም። ሰንሰለቱ እዚያ ይቆማል።

ሁለቱም ሃይድሮጂን ሰጪዎች ናቸው። ልዩነታቸው ከሰጡ በኋላ በሚሆኑት ነው። እርዱን በቆርቆሮው ፋንታ ብልቃጥ ውስጥ ብንጨምረው ብሮሚን መንጠቅ ስለማይችል ሥራው አይቀጥልም። ቆርቆሮው ደግሞ መርዝ ነው፤ ዘመዶቹ በመርከብ ቀለም ውስጥ ገብተው በሴት የባሕር ቀንድ አውጣዎች ላይ የወንድ ብልት እንዲበቅል ስላደረጉ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም አቀፍ ስምምነት ታግደዋል። መድኃኒት ውስጥ የሚቀረውን ርዝራዥ ማጥራትም አድካሚ ነው። ስለዚህ ኬሚስቶች እንደ ቆርቆሮው የሚሠራ፣ መርዙ ግን የሌለበት ሰጪ ሲፈልጉ ከሲሊከን ውሁዶች አንዱን አገኙ። ያም ቢሆን ውድ ነው።