መብራቱ አልነበረም

ለደሃና መምህራን የምናዘዘው ይህን ነው፦ ያሰባሰባችሁትን ጽሑፍ ያጠፋው የአምደወርቅ መብራት አልነበረም። ኔትወርኩም አልነበረም። እኔ የሠራሁት ፕሮግራም ነው። ስትጠይቁኝ «መብራት ሲቆራረጥ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኳችሁ፤ አመናችሁኝ። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ እንዲህ ያለ ውሸት ብዙ ድካም አይጠይቅም።

ሥራውን የጀመርነው ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ነው። መምህራኑ በየቀበሌው እየዞሩ በአማርኛና በኽምጣና የሚነገሩ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ የሠርግና የለቅሶ ግጥሞችን ከሽማግሌዎች አፍ ሰምተው በደብተር ይጽፋሉ፣ ከዚያ ኮምፒዩተር ላይ ይለቅማሉ። እኔ ጽሑፉን የሚያስቀምጥና ለአንባቢ የሚያቀርብ ሶፍትዌር ሠራሁላቸው። አንድ ኮምፒዩተር አምደወርቅ፣ አንድ ሰቆጣ፣ አንድ የተከራየሁት ሰርቨር አዲስ አበባ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ሦስቱ ተገናኝተው ይዘታቸውን ያመሳስላሉ። ያወጣሁላቸው ሕግ አጭር ነበር። አንድ ጽሑፍ በሁለት ቦታ ተለያይቶ ከተገኘ የቅርብ ቀን የያዘው ያሸንፋል። አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ ከሌለ፣ ቀኑም ካለፈው ግንኙነት በፊት ከሆነ፣ ሰው ሰርዞታል ማለት ነውና ከሁሉም ይጥፋ።

ሕጉ የቆመው በሰዓት ላይ ብቻ ነበር። የአምደወርቁ ኮምፒዩተር ደግሞ የማዘርቦርድ ባትሪው ስላለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። አንድ አንጋፋ መምህር ደውለው ምን እንደሚያደርጉ ጠየቁኝ። «ቀኑን ያስተካክሉት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እሳቸው የሚኖሩበትን ዘመን አስገቡ፤ 2011። ለማሽኑ ይህ ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው። የውጭ አገር ሰው ይህን ቢዘነጋ ይገባኛል። እኔ ግን ለኢትዮጵያውያን፣ በኢትዮጵያ ፊደል ለሚጽፉ ሰዎች እየሠራሁ፣ ሰው የራሱን ዓመተ ምሕረት ሊጽፍ እንደሚችል አላሰብኩም።

በዚያን ሰሞን ኔትወርክ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ስለነበር ብዙ ተጽፎ ነበር። ኔትወርኩ በተመለሰበት ሌሊት መምህራኑ ያረሙት ሁሉ በሰቆጣው ያልታረመ ቅጂ ተተካ። አዲስ የገባው ጽሑፍ ሰቆጣ ላይ አልነበረም፣ ቀኑም የድሮ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሜ እንደተሰረዘ ቆጥሮ አጠፋው። አዲስ አበባም አልደረሰም። ሦስት ቦታ አለ ስል የነበረው ጽሑፍ አንድም ቦታ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ፕሮግራሙ በሚይዘው መዝገብ ላይ አነበብኩት። መስመር በመስመር፣ የጽሑፉ ርእስ፣ ከጎኑ 2011፣ ከጎኑ «ተሰርዟል»። አንብቤ ጨርሼ ነው ደውዬ መብራቱን የወነጀልኩት።

ከዚህ የሚብስብኝ ሌላ ነው። ቀደም ብሎ እኚያው መምህር «ልጄ፣ ደብተሮቹን እናስቀምጣቸው ወይ?» ብለውኝ ነበር። «ሦስት ቦታ አለልዎት፣ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። ቦታ የሚያጣብቡ መስሏቸው አብዛኛውን አስወገዱት። የእሳቸው ጥርጣሬ ከእኔ እውቀት ይበልጥ ነበር።

ማመሳሰልን መጠባበቂያ ብዬ ያመንኩ የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም። ጆርናልስፔስ የተባለው አሜሪካዊ ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰዎችን የግል ጽሑፍ ሲያስቀምጥ ኖሮ በ2009 መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ማጣቱን አስታወቀ። ሁለት ዲስኮቹ አንዱ የሌላውን ይዘት ወዲያው ይገለብጡ ነበርና፣ መረጃው በአንዱ ሲደመሰስ በሌላውም ተደመሰሰ። ይህን ፕሮግራሙን ከመጻፌ በፊት አንብቤው አውቃለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም። ከዚያም በፊት በአገራችን ትክክለኛው መንገድ ተሠርቶበታል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቶ ቅጂያቸውን ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል አኖረ። ብራናው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ፊልሙ አይከተለውም፤ እንደተነሣበት ቀን ሆኖ ይቆያል። ለጥንት ብራና የተደረገውን ጥንቃቄ ለደሃና ተረት ነፈግሁት።

ፕሮግራሙን አሁን ቀይሬዋለሁ። ቀን አያይም፤ እያንዳንዱን እርማት በተራ ቁጥር ይይዛል። ሁለት ቅጂ ከተጋጨ ሁለቱንም አስቀምጦ ሰው እንዲፈርድ ይጠይቃል። ከየትኛውም ማሽን ምንም አይሰርዝም፤ ከኔትወርክ ውጭ የሚቀመጥ ቅጂም በሰው እጅ አለ። ግን ካወሩልን ሽማግሌዎች ከፊሎቹ በሕይወት የሉም፤ ለእነሱ ይህ ማስተካከያ ዘግይቷል።

መምህራን ሆይ፣ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ከመካከላችሁ ቃሌን ሳይሰማ ደብተሩን ያስቀረ ካለ፣ የተቀደደ ገጽም ቢሆን፣ ይንገረኝ። አምደወርቅ መጥቼ እዚያው አጠገባችሁ ቁጭ ብዬ በእጄ እገለብጠዋለሁ፤ ደብተሩም ከእናንተው ጋር ይቀራል።